አፈር ሦስት አርባ ሰባት

ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት፣ የሳስካቱን ወንዝ ሲረጋ፣
የሬጅስትራሩ መስኮት በውርጭ ጥርስ ሲወጋ፣
ኦክሳና ህሪንቹክ፣ በዚያ ወንበር ሠላሳ አንድ ዓመት የሸበተች፣
መዝገቡን ወደ እኔ ገፍታ በእርሳስ ጫፍ እያሳየች፦

«ቁጥር አትበላቸው ልጄ፣ ስም ናቸው ላወቀባቸው፤
እንደ ሰው ስም ከነአባት፣ ከነአያት አንብባቸው።
የፊተኛዋ ዓመት ናት፤ አንድ ያለው ገና ጀማሪ፣
አራት ያለው የምርቃት ቀን ቆጣሪ፤
ስምንት መቶዎቹን ተዋቸው፣ ከምድር ቤት አይወጡም፤
ፀሐይ መውጣቷን እንኳን ከሰው ካልሰሙ አያምኑም።
መሐለኛዋ ዘመድ ናት፣ ማን ከማን እንደሚወለድ፤
አራት አፈርና ውሃ፣ ስድስት ከብት፣ ሁለት ሥርና ግንድ።»

«በዜሮ የሚጀምርስ?»

«እሱማ ክሬዲት የለው፣ ላብ ብቻ፤
በልጅነት ላመለጠ ክፍልፋይ የጉልምስና ዘመቻ።
የኋለኛዋ ግን…» አለችና እርሳሷን አስቀመጠች፤
«የኋለኛዋ ወቅት ናት» ብላ በመስኮት አየች።
«ጎዶሎ ከሆነች መከር፣ ሙሉ ከሆነች በረዶ።»

ሳቅኩ። በስሙ ቢጠሩትስ፣ አፈር ቢሉት ምን ተጎድቶ?

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ መጣ፣
ኤርቪን ቲሰን፣ ከሰሜን፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ነድቶ።
ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ፣ መታጠፊያው የላላ፤
«ይህን ልጨርስ ነው» አለ። ቃል አልጨመረም ሌላ።

አፈር ሦስት አርባ ሰባት።
መከር፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ።
ውጤት በሚለው ሣጥን ውስጥ፦ አቋርጧል።

ኮምፒውተሩን ጠየቅኩት፤ እንዲህ ያለ ኮርስ አላውቅም አለ።
ደግሜ ጠየቅኩት፤ ያው ነው፣ ኮምፒውተር ሐፍረት የለው።
«የለም» አልኩት ሰውየውን። ቃሏ ካፌ ስትወጣ ቀለለች፤
እሱ ፊት ላይ ስታርፍ ግን እንደ ጆንያ ከበደች።

ኦክሳና ከኋላዬ ተነሣች።
ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አነበበች፦
«ሦስተኛ ዓመት። አፈር። መከር።» ቀና አለች።
«በዚያ መከር ምን ሆነው ነበር?»

«አባቴ ከጎተራው ጫፍ ወደቀ። መስከረም ነበር።
ስድስት መቶ ኤከር ስንዴ… ስንዴ ቆሞ አይጠብቅም።»

«ሰባትም አይጠብቅም» አለች፤ ወደ ኋላ ክፍል ሄዳ
አንድ የካርድ ሣጥን ይዛ መጣች፣ የአቧራ ዕዳ።
«በእርስዎ ዓመት አሥራ አንድ አቋረጡ።
በቀጣዩ ዘጠኝ። ከዚያ ስምንት።
ሁሉም የገበሬ ልጆች፣ ሁሉም በመስከረም።
ገና አዲስ ሳለሁ ይህን አየሁና ለኮሚቴው ጻፍኩ፤
ሦስት ዓመት ጻፍኩ። መምህሩ አኩርፎኝ ጡረታ ወጣ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ኮርሱ አልሞተም። ስምንት ሆኗል።
አንዲት ቁጥር ነው የተራመደው፤
ከአጨዳ ወደ በረዶ፣ ማሽኖቹ ወደሚያርፉበት።»

ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ፤ የዘር ኩባንያ አርማ ነበረው።
«አንዲት ቁጥር» አለ።
ዳግመኛም አለ፤ ለእኛ ግን አልነበረም።

ኮምፒውተሩ ቀዳሚ ኮርስ ጠየቀ፣ ሁለት አርባን።
ማረስ የሚጻፍበት ሣጥን የለውም፣ ፈለግኩ፤
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው አፈር ላይ የዋለ ሰው
የቱ ጋ እንደሚመዘገብ አላወቅኩም።
ኦክሳና በእጅ ጽሑፍ «በመምሪያው ፈቃድ» ብላ ሞላች፤
መምሪያውን ከፈረመች በኋላ ነው የደወለችለት።

ጥር ላይ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፣
በበሩ መስተዋት አየሁት፦ ሁለተኛ ረድፍ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ፤
የልጅ ልጁን የምታክል መምህርት ስለ ጨው መሬት ጠየቀች፣
እሱም እጁን አነሣ፣ በግማሽ፣
በከብት ጨረታ ላይ ዋጋ እንደሚሰጥ ሰው።

አሁን ወንበሩ የእኔ ነው።
አንዳንዴ መምሪያዎች ለአዲስ ኮርስ ባዶ ቁጥር ይለምኑኛል፣
«ሦስት አርባ ሰባት ክፍት አይደለም እንዴ?» ይላሉ።
መዝገቡ ክፍት ነው ይላል።

ተይዟል፣ እላለሁ።